የቅዳሜ ሹሩባ

ኖሪን ታክሬይን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ በራቸውን አንኳኩቻለሁ፤ ከበሩ አልፌ ወደ ውስጥ የገባሁባቸው ቀናት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ሹፌር ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ በአደራ የሚያድጉ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤትና ወላጆቻቸውን ወደሚያገኙበት ቤት የሚያመላልሱ መኪኖች ይከራያል፤ ከነዚያ አንዷን የምነዳው እኔ ነኝ። ሹፌር የሚያውቀው በር ላይ የተባለውንና ከኋላ ወንበር የተሰማውን ነው። እዚህ የጻፍኩትም ከነዚህ ከሁለቱ ያገኘሁትን ነው። ብዙ እንደጎደለው አውቃለሁ።

ኖሪን የሚኖሩት በእንግሊዝ ባለችው በብራክስቢ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት፣ በቀይ ጡብ ከተሠሩት ተያያዥ ቤቶች በአንዱ ነው። በወጣትነታቸው ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ኋላም የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ባላቸው ኬነዝ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ልጅ አልወለዱም። የማዘጋጃ ቤቱን ልጆች መቀበል የጀመሩት ሁለቱም ዕድሜያቸው ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው፤ ኬነዝ ሲሞትም ኖሪን አላቆሙም። ወደ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ግድግዳ ላይ የልጆቹ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ሁለት ሌሊት ብቻ ያደሩ አሉ፤ አንዱ ደግሞ ዐሥር ዓመት ኖሮ ዛሬ ባሕር ላይ ባለ ነዳጅ ማውጫ ይሠራል። ኖሪን የሁሉንም ስም ያውቃሉ። ታሪካቸውን ግን ለማንም ሲያወሩ አልሰማሁም።

መጀመሪያ በራቸው ላይ የቆምኩ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሹፌሯ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሬዲዮ ትከፍቻለሽ?»

«አንዳንዴ።»

«ዜና አትክፈቺ። ዘፈን ከሆነ ግድ የለም። ሲጋራስ?»

«አቁሜያለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«መኪናሽ ግን ገና አላቆመም» አሉና ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ። «ታሊያ! ነይ፣ መስኮቱን ከፍተሽ ነው የምትሄጂው።»

ታሊያ ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ኖሪን ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው። የእናቷ አባት ጃማይካዊ ነበር፤ ከዚያ ወገን የወረሰችው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር ነበራት፤ ለረጅም ጊዜ ማበጠሪያ ስላልነካውም ተቋጥሮ ድፍን ሆኖ ነበር። ኖሪን በዚያ ሁሉ ዓመት ካሳደጓቸው ልጆች እንዲህ ያለ ፀጉር የነበረው አልገጠማቸውም። ለሌሎቹ የሚጠቀሙበትን ብሩሽ አመጡ፤ ውኃ አርከፈከፉ፤ ሳቡ። ልጅቷ ከመጮኋ የተነሣ ጎረቤት በር እንዳንኳኳ ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ብሩሹም ተሰበረ።

እናቷን ሼሪስ ባርትሌትን ያወቅኋት በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ልጆችና ወላጆች የሚገናኙበት ቤት አለው። ሶፋ፣ መጫወቻና ትንሽ ወጥ ቤት አለው፤ ጥግ ላይ ደግሞ የሚከታተል ሠራተኛ ይቀመጣል። እኔ ልጁን እስከ በሩ አደርስና መኪናዬ ውስጥ እጠብቃለሁ። መስኮቱ ከተከፈተ ውስጥ የሚባለው ይሰማኛል።

ሼሪስ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። እሷም ያደገችው በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ኖራ፣ ዐሥራ ስምንት ሲሞላት ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተሰጣት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የተመደበች አማካሪም እየመጣች ታያት ነበር። ታሊያን የወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ አንድ ሰውዬ ገባ፤ ሰውዬው እስኪወጣም ብዙ ነገር ተበላሸ። ፍርድ ቤቱ ታሊያ ዐሥራ ስምንት እስኪሞላት ኖሪን ዘንድ እንድታድግ፣ እናቷም በየቅዳሜው እንድታያት ወሰነ።

ያን ቀን ሼሪስ በሩ ላይ ቆማ የልጇን ራስ ዳሰሰችና፣ «ማነው ያበጠረሽ? በሹካ ነው?» አለች።

«በኖሪን ብሩሽ።»

«የኖሪን ብሩሽ የውሻ ነው።»

ታሊያ ሳቀች። ስመልሳት ኖሪን በሩን ገና ከመክፈታቸው፣ «እማዬ ብሩሽሽ የውሻ ነው አለች» አለቻቸው።

«ውሻ የለኝም» አሉ ኖሪን። «እግርሽን ጥረጊ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሹሩባ ቀን ሆነ። ሼሪስ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ ታሊያ ወለሉ ላይ፣ በእናቷ ጉልበቶች መካከል። ያለፈውን ሳምንት ትፈታለች፣ ቅባት ትቀባለች፣ በማበጠሪያው ጫፍ መስመር ታወጣለች፣ ትሠራለች። ሥራውን የተማረችው ልጅ ሳለች፣ ለጥቂት ወራት በኖረችበት የልጆች ማሳደጊያ፣ ከአንዲት ታላቅ ልጅ ነው። የተሰጣቸው ሰዓት በዚሁ ያልቃል። አንድ ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ፣ «ትንሽ አጫውቻትም እንጂ፣ ሼሪስ» ሲላት ሰማሁ።

«ይሄ ምንድነው ታዲያ?» አለችው እጇን ሳታቆም።

ሹሩባው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። በኖሪን ቤት ሳምንቱን ሙሉ የእናቷ እጅ በታሊያ ራስ ላይ ነበር። ልጅቷ ማታ ማታ ሼሪስ የሰጠቻትን የሐር ሻሽ አስራ ትተኛለች። ኖሪን ሲያጥቧት ከአንገቷ በላይ እንዲነኳት አትፈቅድም። «የእማዬ ነው» ትላለች። ይህን መኪና ውስጥ ለኔ ስትነግረኝ እየኮራች ነበር።

ኖሪን በር ላይ ቀልድ ያበዙ ጀመር። «ንግሥቲቱ መጣችልሽ» ይሉኛል። «ዘውዷን የመኪናሽ ጣሪያ እንዳይነካባት።» እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸው አይስቁም።

ያም ሆኖ መማር ፈልገው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ፀጉር አያያዝ ለአሳዳጊዎች ባዘጋጀው ትምህርት ላይ ተገኝተዋል፤ ቅባትና ሰፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ገዝተዋል። ቀጥሎ የሆነውን ያወቅሁት ከኋላ ወንበር ነው።

«ሹፌሬ፣ ትናንት ኖሪን ምን ስትሠራ እንዳየኋት ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«የወለል መወልወያውን ሹሩባ ስትሠራው!»

«ሂጂ! አማረበት?»

«ጥቂቱ አማረበት። ከዚያ ተፈታ። እሷም ሰደበችው።»

«ምን ብላ?»

«አልናገርም፤ ስድብ ነው።»

«አንቺንስ ለምን ትሞክርሽ አትያትም?»

ታሊያ አሰበችበት። «መጀመሪያ መወልወያው ይለፍ» አለች።

በሁለተኛው ዓመት የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል ሼሪስ ሥራ አገኘች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትልቅ መጋዘን ዕቃ መልቀም ነው፤ ቅዳሜም ይሠራል። አማካሪዋ የቅዳሜውን ተራ ልታስቀይርላት ብዙ ደከመች፤ እስኪሆን ድረስ ግን ሼሪስ ሳትመጣ የቀረችባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታሊያን ለብሳ ተዘጋጅታ ወስጃት፣ ጠብቀን ጠብቀን ይዣት ተመልሻለሁ።

«አልመጣችም?» አሉ ኖሪን።

«ሥራ ይዟት ነው።»

«ጫማሽን አውልቂ፣ ታሊያ። ድንች ጠብሻለሁ።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ከመገናኛው ቤት ቀድመው ደውለው አስቀሩን። ሹሩባው አረጀ። ከሥሩ አደገ፣ ተንጨባረረ፣ አንዳንዱ ጫፉ ተፈታ። ታሊያ ግን እንዲፈታ አልፈለገችም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳደርሳት በር ላይ የቆመችው አስተማሪ፣ «ይቺን ልጅ ቤት ውስጥ የሚያያት የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ለኖሪን አልነገርኳቸውም፤ አስተማሪዋ ግን ራሷ ደውላ ያንኑ ነግራቸዋለች። ኖሪን ልጆቻቸው ንጹሕ በመሆናቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ይህ ምን ያህል እንደነካቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ ማለዳ በሩን አንኳኳሁ። ታሊያ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ ወጣች። ወደ መኪናው ስትገባ ኮፍያው ተንሸራተተ። ፀጉሯ የለም። ድፍን ተቆርጧል፤ እንደ ወንድ ልጅ እንኳ አይደለም፤ ከዚያም ያጠረ ነበር።

ቀና ብዬ ኖሪንን አየኋቸው።

«ቅማል ነበረባት» አሉኝና በሩን ዘጉት።

በአደራ የሚያድግን ልጅ ማብላት፣ ማልበስ፣ ማስታመም፣ መቆጣትም ይቻላል። ፀጉሩን መቁረጥ ግን ያለ ወላጁ ፈቃድ አይቻልም። አሳዳጊ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ኖሪንማ አዲስ አሳዳጊዎች ሲመጡ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፊታቸው ቆመው፣ «መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ስልክ አንሱ» እያሉ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በመከር ወራት ለጥቂት ጊዜ እሳቸው ዘንድ ያደረ አንድ ልጅ ቅማል ይዞት ነበር። ያኔ ኖሪን ገና ሳይነጋ ደውለውልኝ፣ ወንበሩ ላይ ፎጣ አንጥፊ፣ ሌሎቹን ልጆች እንዳያስይዝብሽ ብለውኛል። በመኪናዬ ስለሚጓዝ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነበሩ፤ ጉንፋንም ቢሆን ይነግሩኛል። በዚያ ሰኞ ግን ስልኬ አልጮኸም። ፎጣውን ግን አነጠፍኩ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ታሊያ፣ «ያድጋል ብላለች» አለችኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሼሪስ መጣች። ተራዋ ተቀይሮላታል። እኛን ለመቀበል እስከ መኪናው ድረስ ወጣች፤ በእጇ ትንሽ ከረጢት ይዛለች።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ ኩሩ! ዶቃ አምጥቼልሻለሁ፤ ነጭና አረንጓዴ። ኮፍያሽን አውልቂ እስቲ።»

«አላወልቅም።»

«ምነው? በረደሽ?»

«አልበረደኝም።»

ሼሪስ ራሷ አወለቀችው።

«ማነው?»

«ቅማል ነበረብኝ።»

«ማነው አልኩሽ።»

«ኖሪን። ግን ያድጋል፣ እማዬ።»

ሼሪስ ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ ተንበረከከች። የልጇን ራስ ወደ ብርሃን አዙራ፣ ከጆሮዎቿ ጀርባ፣ ከማጅራቷ በላይ፣ በጣቶቿ እየከፈለች ፈለገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔን የምትጠራኝ አክስቴ እያለች ነው፤ በጃማይካውያን ዘንድ ትልቅ ሴት እንዲህ ትጠራለች።

«አክስቴ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ነይ እዪ። አንዲት ቅጫም ካገኘሽ ንገሪኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «አላየሁም» አልኳት።

«እኔም አላየሁም።»

ከተቆረጠ ቀናት አልፈዋል፤ መድኃኒትም ተቀብቶ ይሆናል። ይህን ልላት አሰብኩ፤ ተውኩት። እሷ ስልኳን አውጥታ ለታሊያ ማኅበራዊ ሠራተኛ ለሮሂና ስትደውል መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ብዘጋውም ይሰማ ነበር። «ያቺ ሴትዮ» ትል ነበር ደጋግማ፤ «ያቺ ሴትዮ ልጄን እንደ በግ ሸለተቻት!»

ከዚያ ገቡ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሼሪስ እንደ ወትሮው ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ታሊያም እንደ ወትሮው ወለሉ ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል።

«አሁን ምን እንሠራለን?» አለች ታሊያ።

«አላውቅም» አለች እናቷ።

ሰዓቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጡ። ሼሪስ ዶቃውን መልሳ ይዛው ሄደች።

ነገሩ ወደ ላይ ወጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ለአሳዳጊዎችም ለየብቻ የሚከታተላቸው ሠራተኛ አለው፤ የኖሪን ሠራተኛ፣ ሮሂናና አለቆቻቸው ተነጋገሩ። ኖሪን አንድ ማለዳ በር ላይ፣ የታሊያን ቦርሳ እያቀበሉኝ ነገሩኝ።

«ሊወስዷት ነው።»

«የት?»

«ሊድስ ከተማ። አዲሷ አሳዳጊ የጃማይካ ልጅ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት አሉ። ፀጉርም ታውቃለች።»

«ተወስኗል?»

«ስብሰባ አለ። ቅማሉን ካመኑኝ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኝ ይተዋታል። ካላመኑኝ ትሄዳለች። እናቷም ትጠየቃለች።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«ቅማል ነበረባት አልኩ» አሉ። የቦርሳውን ማንገቻ አስተካክለው ሰጡኝ። «የምሳዋ ዳቦ ከላይ ነው፤ እንዳይጫነው።»

ታሊያም ሰምታለች። ከልጅ የሚደበቅ ነገር የለም።

«ሊድስ ባሕር አለው?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ሐይቅስ?»

«ትንሽ ሐይቅ ያለበት መናፈሻ አለ። ዳክዬዎች አሉት።»

«እማዬ ቅዳሜ እዚያ ድረስ ትመጣለች?»

«አላውቅም፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንቺስ?»

«እኔ የብራክስቢ ሹፌር ነኝ።»

«እንግዲያው አልሄድም» አለች። ወደ መስኮቱ ዞራ ጣቷን በጭጋጉ ላይ ታስኬድ ጀመር።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሼሪስ ቀድማ ደርሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ታሊያ ሮጣ ወደ ውስጥ ስትገባ እሷ ቆየች።

«አክስቴ፣ ሲጋራ አለሽ?»

«አቁሜያለሁ።»

«እኔም። ለዚህ ነው የምለምነው።» እጆቿን በኪሶቿ ከተተች። «ማክሰኞ ምን እንደምላቸው ሁሉም ይጠይቀኛል። አማካሪዬ ትጠይቀኛለች። ሮሂና ትጠይቀኛለች። አንቺ ብቻ ነሽ ያልጠየቅሽኝ።»

«የኔ ጉዳይ አይደለም።»

«ያቺ የሊድስ ሴት ፀጉር ትሠራለች አሉኝ። ጥሩ አድርጋ ትሠራለች አሉኝ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ደስ ያላት ሰው ድምፅ አልነበረም። «እኔን ሁልጊዜ የሚያዛውሩኝ ለኔ ብለው ነው፤ ታውቂያለሽ? አንዱ ቤት ለትምህርት ቤት ይቀርባል። ሌላው ትልቅ ግቢ አለው። ሌላዋ ሴትዮ እንደ ጣሊያን አድርጋ ፓስታ ትሠራለች። ሁሉም ጥሩ ነበር። የአንዳንዶቹን ስም እንኳ አላስታውስም።»

«ታዲያ ምን ልትያቸው ነው?»

«ጠየቅሽኝ!» አለችና ሳቀች። ወደ ልጇ ገባች።

ማክሰኞ የተሰበሰቡት በማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ማንም የጠየቀኝ የለም። የሆነውን የሰማሁት ረቡዕ ማለዳ ከኖሪን ነው። በሩን ከፍተው እንደሌላው ጊዜ ቦርሳውን አላቀበሉኝም፤ ይዘውት ቆሙ።

«ትቆያለች» አሉኝ።

«እሰይ!»

«ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል። ይገባኛል።» ወደ መንገዱ አዩ። «እናቷ ናት። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ ‹ቅዳሜ ዕለት እኔም ቅጫሙን አይቻለሁ፤ ሞልቶባት ነበር› አለች። ‹እኔ ብሆንም እቆርጠው ነበር› አለች። ሮሂና ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። ሁለቴም ያንኑ አለች።»

ከሼሪስ ጋር የልጅቷን ራስ ያየሁት እኔ ነኝ።

«ካለቀ በኋላስ?» አልኳቸው። «አናገረችዎት?»

«ደረጃው ላይ ደረስኩባት። አመሰግናለሁ አልኳት። ‹ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ሴትዮ› አለችኝ።» ቦርሳውን ሰጡኝ። «እውነቷን ነው፤ ለኔ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ ቀጠሉ። ሼሪስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታሊያን ራስ በቅባት ከማሸት በቀር የምትሠራው አልነበራትም፤ ያንኑ ትሠራለች። በሱ መሐል ካርታ መጫወት ጀመሩ፤ ታሊያ ታጭበረብራለች፤ ከመኪናዬ ሆኜ የሼሪስን ጩኸት እሰማለሁ። «ሌባ! ከማን ተማርሽው?» «ከኖሪን!» «አላልኩም?» በጋው ላይ ፀጉሩ ጣት የሚይዘው ያህል ሆነ። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማራገፍ ሲጀምሩ ሼሪስ የመጀመሪያዎቹን አጫጭር ሹሩባዎች ሠራች፤ ነጭና አረንጓዴ ዶቃም ጫፋቸው ላይ አደረገች። ታሊያ ያን ቀን ዶቃው ሲጋጭ እንድሰማው ራሷን እየነቀነቀች ነው ቤቷ የደረሰችው።

ኖሪን በሩን ከፍተው አዩዋት። ዘውድም ንግሥትም አላሉም። «አምሮብሻል» አሏት፤ እሷም «አውቃለሁ» ብላ ገባች።

ሮሂና አንድ ሐሳብ እንዳቀረበች ሰምቻለሁ። ኖሪን አንዳንድ ቅዳሜ ከታሊያ ጋር እንዲገቡ፣ ሼሪስም የሹሩባውን አሠራር እንድታሳያቸው። ሼሪስ እሺ ብላለች። ቅር እያላት ነው፤ ግን እሺ ብላለች። ኖሪን እስካሁን አልሄዱም። አንድ ቀን ለምን እንዳልሄዱ ሳልጠይቃቸው፣ «የሷ ሰዓት ነው፤ ምን ብዬ እገባበታለሁ?» አሉኝ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ዝናቡን ነፋስ ከባሕሩ ወደ ጎን ይነዳው ነበር። ታሊያ አንድ ካልሲዋን አጥታ ፎቅ ላይ ትፈልጋለች። ኖሪን፣ «እንዳትበሰብሺ ግቢ» አሉኝና ወጥ ቤት አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ የቁርስ ሳህኖች አሉ፤ ባቄላ የተበላባቸው። መወልወያው ጥግ ቆሟል፤ ክሮቹ እንደማንኛውም መወልወያ ተንጠልጥለዋል። ሻይ ሊያፈሉልኝ ነበር፤ ጊዜ የለኝም አልኳቸው። እሳቸው ሳህኖቹን ማጠብ ጀመሩ።

ስለ ብዙ ነገር አወራን። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ልጅ ይቀበሉ እንደሆነ እንደጠየቃቸውና ለጊዜው እንደማይችሉ እንደነገሩት፣ ሼሪስ መጋዘኑ ውስጥ የአንድ ቡድን ኃላፊ እንደሆነች።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ።

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

«አንዳንዴ ማታ ትደውልልኛለች። ስለ ታሊያ ነው። ሳል አላት ወይ፣ ምን በላች። ስለዚያ ነገር አንስታብኝ አታውቅም።»

ከላይ ታሊያ ዕቃ እየጣለች ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰው መጠየቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ምናልባት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር ይሆናል።

«ኖሪን» አልኳቸው፣ «ያን ጊዜ እውነት ቅማል ነበረባት?»

እጆቻቸው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ከላይ፣ «አገኘሁት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ደረጃውም መንኳኳት ጀመረ። ኖሪን ወደ እኔ አልዞሩም።

«ሂጂ መኪናሽን አሙቂላት፣ የኔ እናት» አሉኝ። «ይሄን አልመልስልሽም።»